ጎንበስ ብሎ ማየት

ሞያሌ፣ በኬንያው ወገን፣ መኪና ይዞ የመጣ እንግዳ ሰላምታ የሚደርሰው ሁለተኛ ነው። ቅድሚያው ለመኪናው ነው፤ ያውም ለሥሩ። አንዱ ጎንበስ ይላል፣ ሌላው በርከክ ይላል፣ ሦስተኛው ጉንጩን ከአቧራው አስጠግቶ በኋላ ጎማው በኩል ወደ ውስጥ ያያል። አይተው ሲያበቁ ጉልበታቸውን አራግፈው "ደህና ገባችሁ?" ይላሉ። ምንም ሳይል ራሱን ነቅንቆ የሚሄድም አለ። የሚያስፈራው ይኼኛው ነው።

አዲስ አበባ ላይ መኪና የሚታየው ከላይ ነው። ኮዱ ስንት ነው፣ የስንት ሥሪት ነው፣ ቀለሙ ኦርጅናል ነው ወይስ ተቀብቷል፣ መስታወቱስ ጠቁሯል? ሥሩን ለማየት ሰው መኪናው እስኪቆምበት ይጠብቃል። ሞያሌ ላይ ግን ለቀለም ደንታ ያለው የለም። የሚያዩት ባሌስትራውን ነው፤ ከባሌስትራውም ይልቅ የኋላ ጫፉን ከሻንሲው ጋር የምታያይዘውን፣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ ብረት።

ኬንያዎቹ ሻክል ይሏታል፤ ድንበር የሚሻገሩት የእኛ ሹፌሮችም ሻክል ብለዋታል። ሁለት ጠፍጣፋ ብረት፣ ሁለት ፒን፣ መሃላቸው ቡሽ። በቃ። መኪና ሲሸጥ ስሟን የሚያነሳ የለም፤ ሞተሩ ይወደሳል፣ ካምቢዮው ይማልበታል። እሷ ግን ከሥር ተንጠልጥላ ሰው ሁሉ ይንበረከክላታል።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ያናድደኝ ነበር። ኋላ ግን የከተማው ሰው ሙዜ እያለ የሚጠራው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ቁጭ ማለት ጀመርኩ። እዚያው ሞያሌ የተወለደ ቡርጂ ነው፤ አማርኛውን ያገኘው በልጅነቱ ሀገረ ማርያም ጋራዥ ሲላላክ ነው። ስለዚህ አማርኛው ግማሹ የመኪና ዕቃ ነው። ዳዶ፣ ቡሎን፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ። ስለ አየር ሁኔታ ሲያወራ ግን ቃል ያጥረዋል።

"ሰው ለምን ሥር ሥሩን ያያል?" አልኩት።

"መዳፍህን ዘርጋ" አለኝ።

የብረት መጋዝ ምላጭ አነሳ። አጉብጦ በሁለቱ መዳፎቼ መሃል አቆማትና ጀርባዋን በአውራ ጣቱ ጫን አለ። ምላጯ እየተዘረጋች መዳፎቼን ወደ ውጭ ገፋቻቸው። "አየህ? ባሌስትራም ጭነት ሲመጣበት ይዘረጋል። ሲዘረጋ ይረዝማል። የሚረዝምበት ቦታ ከነሳኸውስ?" አለና መዳፎቼን ከውጭ በራሱ እጆች ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ረዳቱን "ተጫን!" አለው። ምላጯ ቀጭ ብላ ተሰበረች። አንዷ ስባሪ የት እንደገባች እስካሁን አልታወቀም።

ሻክል የተፈጠረችው ለዚህ ነው። ባሌስትራው ከፊት በኩል በፒን ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል፤ ከኋላ ግን ይንጠለጠላል። ጭነቱ ሲከብድ ሻክሏ ወደ ኋላ ትወዛወዛለች፤ ሲቀል ትመለሳለች። ሻንሲው አይታጠፍም፣ አክስሉም አይታጠፍም። የሁለቱን ግትርነት ችላ የምትኖረው እሷ ናት። ድንበር ላይ ተቀምጦ ይህን የሰማ ወግ ጸሐፊ ምን ዓይነት ምሳሌ ሊያወጣ እንደሚከጅል አንባቢ ያውቃል፤ እኔ ግን ትቼዋለሁ። ሞያሌዎች በምሳሌ ሰልችተዋል።

አንድ ክፉ ዐመል አላት፤ ትጮኻለች። ግራሶ ካጣች፣ ቡሿ ካለቀ፣ አቧራ ከገባባት በየጉድጓዱ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር አሉ፤ ጩኸቷ እንቅልፍ ነሳኝ አለ። እየነዳ ምን እንቅልፍ እንደሚሻ አልጠየቁትም። በያጅ ዘንድ ሄዶ ሻክሏን ከነፒኗ ከሻንሲው ጋር አስበየዳት። ጸጥ! ደስ ብሎት እያፏጨ ወደ ደቡብ ወረደ። ቱርቢ ሳይደርስ የባሌስትራው ዋና ቅጠል ከዓይኑ ላይ ተቆረጠና መኪናው በአንድ ጎኑ ቁጭ አለ። ጭነቱ ፍየል ነበር። ፍየሎቹ በነገሩ ቅሬታ አልነበራቸውም፤ ወርደው ቁጥቋጦ ፍለጋ ሄዱ።

ዛሬም ሙዜው ጋራዥ ብዙ የሚያማርር ደንበኛ ሲመጣ ረዳቱ "ይበየድ?" ብሎ ይጠይቃል። ማን እንዲበየድ ግን አይናገርም።

የጎንበስታውን ሥረ ነገር የሚያውቅ የድሮውን መንገድ የሚያስታውስ ነው። ከሞያሌ እስከ ኬንያዊቷ ኢሲዮሎ ከተማ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ማለዳ የተነሳ አውቶቡስ በዚያው ቀን ይገባል። ያኔ ሁለት ቀንም ሦስት ቀንም ይፈጅ ነበር፤ ዝናብ ካለ ደግሞ ቀን አይቆጠርም። ሽፍታ ስለሚፈራ መኪኖች ተሰብስበው፣ ታጣቂ ፖሊስ ተጭኖላቸው ነበር የሚንቀሳቀሱት። ታች ከብት፣ ከከብቱ በላይ የብረት ቧንቧ፣ ቧንቧው ላይ ተሳፋሪ። በሬው ቀና ሲል የተሳፋሪውን ጫማ ያሸታል። ማርሳቢት ተራራ ከመድረሱ በፊት ዲዳ ገልገሉ የሚባለው ሜዳ አለ፤ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ ዓይን ዳርቻ። መሃሉን የሚሰነጥቀው ኮረኮንች እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸነሸነ ነበር። አፍሪካን በሞተር ሳይክልና በመኪና የሚያቋርጡ ፈረንጆች ይቺን ቁራጭ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ከሚያገኙት መንገድ ሁሉ ክፉዋ ናት እያሉ ነበር የሚፈሯት።

ያ ሽንሽን ከየት እንደሚመጣ ተጠንቷል። በፈረንጆቹ 2007 የቶሮንቶው የፊዚክስ መምህር ስቲፈን ሞሪስ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አሸዋ በተነጠፈበት ክብ ጠረጴዛ ላይ ጎማ እያሽከረከረ ሲያይ ከረመ። ያገኙት ነገር ለሹፌር መርዶ ነው። ሽንሽኑ የባሌስትራ ጥፋት አይደለም፤ ጎማው ምንም ስፕሪንግ ባይኖረውም ፍጥነቱ ከአንድ ልክ ካለፈ ሽንሽኑ ይወጣል። እንዳይወጣ የሚፈልግ ከእግረኛ ብዙም ሳይፈጥን ይንዳ። እነዚህ ሊቃውንት ጠረጴዛ በገዙበት ገንዘብ ከማርሳቢት ሞያሌ አንድ ጊዜ ቢሳፈሩ ኖሮ፣ መልሱ ባይገኝም ጥያቄው በደንብ ይገባቸው ነበር።

ታዲያ በዚያ መንገድ ባሌስትራ ሲሰበር ሹፌር አያለቅስም። ረዳቱ ከክሪክ ጋር ይወርዳል፤ አሮጌ ካላማዳሪ በቢላ እየሰነጠቀ እንደ መቀነት ይተለትለዋል፤ የተሰበረውን ቅጠል ከጤነኞቹ ጋር ጠፍሮ ያስረዋል፤ ክፍተት ካለ እንጨት ይሸጉጣል። ብረት ታሞ በጎማ ይድናል። ሞያሌ እንደደረሱ ሙዜው ዘንድ። የሙዜው ሁለት ወንዶች ልጆች ናይሮቢ ተምረዋል፤ ያስተማራቸው ዲዳ ገልገሉ ነው።

ባሌስትራ ከሞተ በኋላም አያርፍም። የጭነት መኪና ቅጠል ጥሩ ብረት ስለሆነ አንጥረኛ ይሻማበታል። በእኛ ወገንም በእነሱም ወገን መጥረቢያ ይሆናል፣ ማጭድ ይሆናል፣ ቢላ ይሆናል። ስንቱን ፍየል ተሸክሞ ሲያመላልስ የኖረ ብረት ጡረታ ሲወጣ ሥጋ ቤት ይቀጠራል። ፍየሎቹ የሚያውቁት አይመስለኝም።

በዚያው 2007 ኢሲዮሎ ላይ የአስፋልቱ ሥራ ተጀመረ። የአፍሪካ ልማት ባንክና ሌሎችም ገንዘብ አስገቡ፣ ቻይናዎች ገቡ፣ ድንጋዩ ተፈለጠ። ከአሥር ዓመት ባልራቀ ጊዜ ውስጥ ቁርጥራጩ ተቀጣጥሎ መንገዱ ሞያሌ ደረሰ። ሞምባሳን፣ ናይሮቢንና አዲስ አበባን የሚያገናኝ ኮሪደር ተባለ። በ2020 መጨረሻ ላይ ደግሞ ኡሁሩ ኬንያታና ዐቢይ አሕመድ መጥተው የጋራ የድንበር ኬላውን መርቀው ከፈቱ። ሙዜው ምረቃውን አላየም። ሥራ የለም ብሎ ተኝቶ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ኮረኮንቹ በነበረ ጊዜ መኪናው ሁሉ ተራ መኪና ነበር፤ ፋብሪካ በሰጠው ባሌስትራ፣ ካለቀም በካላማዳሪ። አስፋልቱ ከነነጭ መሥመሩ ከተነጠፈ ወዲህ ግን ከተማው ውስጥ ገደል ሊወጡ የተሰናዱ ላንድክሩዘሮች በዙ። ከፍ ብለው፣ ጎማቸው አብጦ፣ ጭስ ማውጫቸው ወደ ሰማይ አንጋጦ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከነዚህ የአንዱ ባለቤት ሞያሌ የታወቀ ነጋዴ ልጅ ነው፤ መልካም ልጅ። ላንድክሩዘሩ ከፈረንጆቹ 1999 በፊት የተሠራ ባለ 70 ነው፤ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ የሚቆምበት ዓይነት። (በዚያ ዓመት ቶዮታ የፊቱን በጥምዝምዝ ስፕሪንግ ለወጠው፤ የኋላው ባሌስትራ ግን ቀረ።) ልጁ ከውጭ አገር ሻክል አስመጣ። እንደኛዋ ዓይነት አይደለችም፤ መሃሏ ላይ ሌላ መታጠፊያ አላት። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሻክሏ ተዘርግታ ባሌስትራውን ይበልጥ ታወርደዋለች፤ ጎማው መሬቱን ሳይለቅ ይከተላል።

ጥቅሟ የታወቀ ነው። በተራ ዲፈረንሻል አንድ ጎማ አየር ላይ ከቀረ ኃይሉ ሁሉ ወደዚያ ወደ ተንጠለጠለው ይሄዳል፤ እሱ በባዶ ሜዳ ሲሽከረከር መሬት የረገጠው ቆሞ ያያል። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ለማስረዳት ሥዕል አያስፈልገውም። ስለዚህ ድንጋይ ለድንጋይ በጂፕ መውጣት ስፖርት በሆነባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ ሞአብ፣ ይቺ ሻክል ትወደዳለች። ሞአብ ስል የሩት አገር አይደለም፤ አሜሪካ ዩታ ውስጥ ያለችው ከተማ ናት። እዚያ ሰዎች ጥሩ መንገድ እያለላቸው ድንጋይ ላይ ለመውጣት ከሩቅ ይመጣሉ። ይህን ለሙዜው ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ከብት አይጭኑም?" አለ። አይጭኑም አልኩት። "ታዲያ ማን አሳደዳቸው?" አለኝ።

የልጁ ችግር ድንጋይ ማጣቱ ነው። ድንጋዩ አለ፤ ግን ከአስፋልቱ ወርዶ ማን ይሄድበታል? ስለዚህ ከአንድ ቡና ቤት ፊት ለፊት ለግንባታ የተከመረ ጠጠር አገኘና የፊት አንድ ጎማውን እላዩ ላይ አውጥቶ ያቆማል። ሦስቱ ጎማዎች መሬት፣ አንዱ ክምር ላይ፣ መኪናው ወገቡን ሰብሮ። ፎቶ ይነሳል። አላፊ አግዳሚው እንደ ልማዱ ይንበረከካል። ሻክሏ ተዘርግታ ስትታይ ሽማግሌዎቹ በቦረንኛ የሚሉትን አልተረጎሙልኝም። ከክምሩ ሲወርድ ያለው ፈተና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው፤ ኬንያ ደግሞ በጉብታ አትታማም። ይኼ ሁሉ ብረት ከአሜሪካ ሞያሌ የመጣው አንድ ጉብታ በክብር ሊያልፍ ነው።

ሙዜው ይቺን ሻክል የሚያማት በሌላ ነው። "ሻክል አሥር ሳንቲ ብታስረዝም መኪናው የሚነሳው አምስት ነው" ይላል፤ ልክም ነው፤ አንደኛው የባሌስትራ ጫፍ ባለበት ቀርቶ አክስሉ መሃል ላይ ስላለ ከፍታው ግማሹ ብቻ ይደርሰዋል። የፊቷ ሻክል ስትረዝም ደግሞ የአክስሉ አቀማመጥ ያጋድላል፤ መሪው ይቅበዘበዛል፣ ቀጥ አድርገህ የያዝከው መኪና የራሱን ሐሳብ ማሰብ ይጀምራል። በታጠፈ መንገድ ላይም ያቺ ባለ ሁለት መታጠፊያ ሻክል በአንዱ በኩል ትከፈትና መኪናው ያዘነብላል። አስፋልት ላይ። ከተራ ሻክል ጋር ቢሆን ቀጥ ብሎ በሚሄድበት።

ከኢትዮጵያ ወገን ለሚገባ መኪና ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በእኛ በኩል በቀኝ ይነዳል፣ በእነሱ በኩል በግራ። ኬላውን ሲያልፍ መኪናው ሁሉ ወገን ይቀይራል። መሪው በተሳሳተው ጎን የተገኘበት የእኛ ሹፌር ለመቅደም ሲፈልግ ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ "ነፃ ነው! ነፃ ነው! ቆይ፣ አይደለም!" ይላል። ኢንሹራንስ ማለት ይኼ ረዳት ነው።

ሙዜው አንድ ቀን የኔንም መኪና ቡሽ ሊቀይርልኝ "ነገ ሁለት ሰዓት ና" አለኝ። ድንበር ነውና ጠርጥሬ "በማን?" አልኩት። ሳቀ። የኬንያዊው የእጅ ሰዓት 8 ሲል ስዋሂሊው እንደኛው ሁለት ሰዓት ነው የሚለው። በአፍ ከሆነ ሁለቱ አገሮች አይጣሉም፤ የሚጣሉት ወረቀት ላይ ሲጻፍ ነው። ተማምኜ ሄድኩ። በሁለቱም አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ላይ ጋራዡ ዝግ ነበር።

ሲመጣ ግን ሥራው ሥራ ነው። አሮጌው ፒን ዝጎ አልወጣ ሲል በእሳት አጋለው፣ በመዶሻ ነካ ነካ አደረገው፣ ያረጀ ጥርስ እንደሚነቅል ሐኪም እያባበለ አወጣው። ቡሹ ተበልቶ በአንድ በኩል ወረቀት አክሏል። ለአዲሱ ላስቲክ ቡሽ ረዳቱ ግራሶ ሊቀባ ጣቱን ሲነክር ሙዜው እጁን መታው። "ግራሶ ለነሐስ ነው! ላስቲክ ግራሶ ይበላዋል።" የልብስ ሳሙና በውኃ ሟሙቶ መጣ፤ ቡሹ ተለቅልቆ ቁጭ አለ። ረዳቱ የ19 ቁልፍ አንስቶ ዳዶውን ሊያጠብቅ ሲል ሁለተኛ ተመታ።

"መኪናው የት ነው ያለው?"

"ክሪክ ላይ።"

"ታዲያ?"

ረዳቱ አልገባውም፤ እኔም። ሙዜው ክሪኩን አወረደ፣ መኪናው በገዛ ክብደቱ በጎማው ቆመ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በእጁ ወዘወዘው፣ ያኔ ብቻ ዳዶው ጠበቀ። ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቀ ላስቲኩ በዚያው አቀማመጥ ይያዛል፤ ጎማው መሬት ሲረግጥ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ በየጉድጓዱ እየተቀደደ ወር አይሞላውም። ይህን የነገረን ከሥር ተኝቶ ነው፤ የምናየው እግሩን ብቻ ነበር።

እዚያው እንዳለን የነጋዴው ልጅ መጣ። ከላንድክሩዘሩ ወረደና ወደ ሌላው በር ዞሮ በርጩማ አወጣ። የቤት በርጩማ ነው፤ ሰንበሌጥ ላይ ሲቀመጡበት የነበረ ይመስላል። መሬት ላይ አስቀመጠው። በሩ ተከፈተ፣ መጀመሪያ ሻርፕ፣ ቀጥሎ አንድ እግር፣ እግሩ በርጩማውን ፈልጎ ሲያጣ የቦረንኛ ቁጣ። እናቱ ናቸው። ድንጋይ የሚወጣውን መኪና እሳቸው መውጣት አቅቷቸዋል። ገበያ፣ ሐኪም ቤት፣ ሰርግ፣ ልቅሶ፣ በሄዱበት ሁሉ በርጩማው ይከተላል። ባለፈው አንድ ሰርግ ላይ ሰው ተቀምጦበት ስለነበር እስኪነሳ ጠብቀው ነው የተሳፈሩት።

ሙዜው ከሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገና በአክብሮት ሰላም አላቸው። ብዙ አወሩ። ከንግግሩ ውስጥ "ሻክል" የሚለውን ብቻ ለየሁ፤ እናትየው ሲጠሩት እንደ መጥፎ ጓደኛ ስም ነው።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ "የማውለቂያው ስንት ነው?" አለ።

"የመግጠሚያውን ያህል።"

"የድሮዎቹ ሻክሎች አሉ?"

ሙዜው ወደ ውስጥ ገብቶ አራቱንም በግራሶ ተጠቅልለው አመጣቸው። ስም ተጽፎባቸዋል። የልጁ ስም። ሲያወልቃቸው ነው የጻፈው።

በዚያው ቀን መኪናው ዝቅ አለ። እናትየው ገቡ፣ ወጡ፣ እንደገና ገቡ፣ በሩን ራሳቸው ዘጉት። በርጩማው ለሙዜው ተሰጠ። ረጃጅሞቹን ሻክሎች ረዳቱ በሩ ላይ ምስማር መትቶ ሰቀላቸው።

ፀሐይ ሳትገባ ሌላ ልጅ፣ ከሌላ ላንድክሩዘር ወርዶ፣ ሻክሎቹን እያገላበጠ ዋጋ ጠየቀ። አልተከራከረም። ስልኩን አውጥቶ ቀብዱን በኤምፔሳ ላከ።

ሙዜው መልእክቱ እስኪገባ ጠበቀና "እናት አለህ?" አለው።

"አለችኝ።"

"ቁመቷ ስንት ነው?"